ከቡፌ ሥር የወጣ የንብ መጽሐፍ፦ እማዬን ልጠይቃት ወይስ ልተወው?

የፈረንሳይዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ዘንድሮ የዓመት ፈቃዴን የወሰድኩት ከመስቀል ማግስት ነው። አስር ቀን። ሐዋሳ ልሄድ አስቤ ነበር፣ ኪሴ ግን እሺ አላለም። ስለዚህ እማዬ ጋ ሄድኩ። እማዬ የምትኖረው ከለገጣፎ አልፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ሃያ ደቂቃ በእግር ያስኬዳል። ክረምት ከሆነ ሃያውን አርባ በሉት፣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ከመገናኛ ታክሲ ይዛችሁ ስትወጡ ከተማው አለቀ ስትሉ እንደገና ፎቅ ይመጣል፣ ከዚያ እሱም ያልቅና ማሳ ይጀምራል። በዚህ ወቅት ደግሞ አደዩ የእማዬ አጥር ሥር ድረስ ገብቷል።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፣ ተወልጄ ያደግኩበት። አባዬ ካረፈ በኋላ ታናሽ ወንድሜ አገባና እዚያው ገባ። ወለዱ፣ ደገሙ። እኔ ሰሚት ተከራይቼ ወጥቻለሁ። ከዛሬ ሦስት ዓመት በፊት አንድ እሑድ እማዬ ሁለታችንንም ጠርታ ምሳ አበላችንና "እኔ ልወጣ ነው" አለች። የእቁቧንና ያጠራቀመችውን አዋጥታ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገዝታ ጨርሳለች። ማንንም አላማከረችም። "ፀጥ ያለ ቦታ አማረኝ" አለች፣ በቃ። ይዛ የወጣችው ልብሷን፣ ጀበናዋንና የሠርጓን ቡፌ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ተናድጄባታለሁ። ዕድሯን፣ ሰንበቴዋን፣ አርባ ዓመት ቡና የጠጣቻቸውን ጎረቤቶቿን ትታ ማንም የማያውቃት ቦታ ስትሄድ የጣለችው እኛን መሰለኝ። በሄድኩ ቁጥር "ለምን ግን?" እላታለሁ። "ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ጠጪ" ትለኛለች።

እና በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ትራንስፎርመር ነው ተባለ፣ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ስልኬ ሞተ። እማዬ ለቅሶ ልትደርስ ወጣች። ሰው ስልክ ሲሞትበት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፣ ግድግዳ ያያል። እኔ ያየሁት ቡፌውን ነው። ቡፌው ያነክሳል፣ የቤቱ ሊሾ ወጣ ገባ ነው። አንደኛው እግሩ ሥር የሆነ ነገር ተሸጉጦለታል። ሁልጊዜ ካርቶን ነበር የሚመስለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው መጽሐፍ ነው። በትከሻዬ ደግፌ ሳወጣው ሁለት ስኒ ተሰበረ። ስብርባሪውን ጠርጌ ቀበርኩት፣ እማዬ አታውቅም።

ሽፋን የለውም። የሚጀምረው ከገጽ 9 ነው፣ መጨረሻውም ተገንጥሏል። የቡፌው እግር መሃሉን አጎድጉዶታል፣ ጉድጓዱ እስከ ገጽ ሃምሳ ምናምን ድረስ ይታያል። ስለ ንብ እርባታ የሚያስተምር ነው። እማዬ ከዚህ በፊት እንደነገረችኝ ቤቱን የሸጡላት ቤተሰቦች አባት ጓሮ ቀፎ ነበራቸው። የሳቸው መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ማስታወሻ አለ። አንዱ እንዲህ ይላል፦ "12/1/81 ትልቁ ወጣ። አልተያዘም።" ሌላው፦ "20/1/81 የጓሮው ወጣ። ባሕር ዛፉ ላይ ተያዘ።" በቃ ይሄው ነው፣ ሌላ የጻፉት የለም። "አልተያዘም" የሚለውን ብዙ ጊዜ አነበብኩት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

እኔ ስለ ንብ የማውቀው ማር ብቻ ነበር። ሠራተኛ ንብ በሥራ ወቅት ስድስት ሳምንት ገደማ ብቻ እንደምትኖር፣ ግማሹን ዕድሜዋን ከቀፎ ሳትወጣ እጭ ስትመግብና ሰም ስትሠራ እንደምታሳልፍ አላውቅም ነበር። ንግሥቲቱ ግን ዓመታት ትኖራለች። ከዚያ መንጋ ስለሚወጣበት ምዕራፍ ደረስኩ። ሁልጊዜ የሚመስለኝ አዲሷ ንግሥት ተወልዳ፣ ጓደኞቿን ይዛ፣ ሌላ ቤት ፍለጋ የምትሄድ ነበር። ሰው እንደዚያ ነዋ፣ ጎጆ የሚወጣው ልጅ ነው። መጽሐፉ ግን የሚወጣው አሮጊቷ ናት ይላል። የሞላ ቤት፣ የተሠራ የማር እንጀራ፣ የተከማቸ ማር ለልጇ ትታ፣ ምንም ወደሌለበት የምትሄደው እናትየዋ ናት።

ንብ ጋ ጎጆ የምትወጣው እናት ናት!

አለቀስኩ። ሳቁብኝ፣ ችግር የለም። በመስኮት በኩል ባለው ብርሃን፣ የዶሮ እርባታ መጽሐፍ ወንድም በሆነ ነገር ላይ፣ እንደ ሕፃን። እማዬ አልጣለችንም፣ ቤቱን ሰጥታን ነው የወጣችው አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ የተናደድኩበት ነገር በአንድ ገጽ ተገለበጠ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በአጋጣሚ ያገኛችሁት መጽሐፍ፣ ያውም ለእናንተ ያልተጻፈ፣ እንዲህ ያደረጋችሁ አላችሁ? ሁለተኛ፣ ይሄን ለእማዬ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? ስለ ራሷ ሲወራ የማትወድ ሰው ናት።

ሸገር በረንዳ፦

ይቅርታ አድርጊልኝና መብራት ጠፍቶበት፣ ስልኩ ሞቶ ብቻውን የተቀመጠ ሰው የፍሪጅ መመሪያም ያስለቅሰዋል። እኔ አንድ ጊዜ ደብረ ዘይት ክፍል ተከራይቼ ዝናብ ይዞኝ የጥርስ ሳሙና ካርቶን ላይ ያለውን በሦስት ቋንቋ አንብቤ ጨርሻለሁ።

ከምር ግን ሁሉን ነገር ምልክት አታድርጉት። ንብ ንብ ናት። ነገ ደግሞ ስለ ጉንዳን የሚያወራ መጽሐፍ ካገኘሽ ምን ልትዪ ነው? እናትሽ "ፀጥ ያለ ቦታ አማረኝ" ካለችሽ ፀጥ ያለ ቦታ አምሯት ነው። እኔም አምሮኛል። ጎረቤቴ ሳውንድ ሲስተም ገዝቷል።

ስኒዎቹን ግን ተኪላት።

ፊደል ቆጣሪ፦

እኔ አለኝ። አጭር ነው።

ዓምና ለፋሲካ ሰበታ አያቴ ቤት ነበርን። አያቴ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው፣ ቤቱ ሊሸጥ ስለሆነ ዕቃ እንለያለን። ከጣሪያው ሥር የተሰቀለ ማዳበሪያ ውስጥ የመሠረተ ትምህርት መጽሐፍ አገኘሁ፣ ያ ሐምሌ 1971 የተጀመረው፣ በ15 ቋንቋ የተካሄደው ዘመቻ ጊዜ የተሰጠ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ፣ ሐምራዊ ቀለም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስሟ። በመሃል ያሉት ገጾች ላይ ባዶ ቦታ በተገኘበት ሁሉ ስሟ፣ መጀመሪያ እየተንጋደደ፣ ኋላ ቀጥ ብሎ። የአባቷንም ስም ጽፋለች፣ የሁሉንም ልጆቿን ስም ጽፋለች።

አሁን ልብ በሉ። ይህች ሴትዮ እኔ ልጅ ሳለሁ ከአክስቴ ቤሩት ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ትጠራኝ ነበር። "ዓይኔ፣ ና አንብብልኝ፣ እኔ ዕውር ነኝ" ትለኛለች። አነብላታለሁ፣ እንደገና ትለኛለች፣ እደግማለሁ። ከዚያ ዳቦ ትቆርስልኛለች። እስክትሞት ድረስ ማንበብ እንደማትችል ነበር የምናውቀው።

ረስታው ይሁን አስመስላ እንጃ። እኔ ግን ዳቦውን አስታወስኩት። መጽሐፉን ወስጃለሁ፣ የቀረውን ዕቃ ሌሎቹ ተካፈሉት።

ለእናትሽ ንገሪያት ባይ ነኝ። እኔ ልጠይቃት ብል ጊዜው አልፏል።

አሮጌ ተራ፦

ስለ መጽሐፉ ብቻ ላውራ፣ ስለ እናት ጉዳይ ሌሎቹ ይሻላሉ።

ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ ለማወቅ መጀመሪያ የገጾቹን ታች እዪ፣ አንዳንዶቹ ላይ የማተሚያ ቤቱ ምልክት በትንሹ አለ። ብርሃንና ሰላም ከሆነ ብዙ አይረዳሽም፣ ከ1914 ጀምሮ ያላተመው የለም። የምዕራፎቹን ርዕስ በወረቀት ገልብጪና ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ፣ ሂጂ። ቤቱ ከ1936 ጀምሮ ያለ ነው፣ አሳታሚም ካሳተመው ቅጂ እንዲያስገባ በሕግ ይገደዳል፣ ስለዚህ የሆነ መደርደሪያ ላይ ሙሉው ሊኖር ይችላል። በርዕሰ ጉዳይ እንዲፈልጉልሽ ጠይቂ። አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችንም አትናቂ፣ ካርድ የላቸውም እንጂ የትኛው መጽሐፍ የት ክምር ሥር እንዳለ በጭንቅላታቸው ይዘውታል። ገጹን በስልክ አንስተሽ አሳዪያቸው። ዋጋ ሲጠሩልሽ ግን ደንግጠሽ አትውደቂ፣ የማልቀስ ፊት ካዩ ይጨምራሉ።

ከዚያ ውጪ አንድ ምክር፦ በእርሳስ የተጻፈውን በእስክሪብቶ እንዳትደግሚበት። ሰው ሁልጊዜ ይሄን ያደርጋል።

ቀፎ ሰቃይ፦

ልጄ፣ ሆለታ መንገድ ነኝ፣ ከቡራዩ አለፍ ብሎ። ስሜን አይታችሁ የክፍል ሰቃይ እንዳልመስላችሁ፣ የምሰቅለው ቀፎ ነው። ስምንት ዘመናዊና ሦስት የጭቃ ቀፎ አለኝ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሌላ ሥራ የለኝም።

መጽሐፉ ያለሽ ትክክል ነው፣ መጀመሪያ የምትወጣው አሮጊቷ ናት። ወቅቱም አሁን ነው፣ አደይ ሲፈካ። ሰውየው መስከረም 12 እና 20 ብለው የጻፉት ለዚህ ነው። "አልተያዘም" ያልሽውም ቀላል ነገር አይደለም፣ አንድ ቀፎ ግማሽ ሀብቱ በአየር ላይ ሲሄድ ቆሞ ማየት ነው። እኔም መንጋው እንዲያርፍልኝ ስንት ጊዜ አፈር እየበተንኩ ማሳ ለማሳ ሮጫለሁ።

አንቺ የገባሽ ነገር ላይ ግን አንድ የጎደለ አለ። መጽሐፉ ዘሎት ይሁን የተገነጠለው ገጽ ላይ ይሁን አላውቅም። ትታ ወጣች፣ ሰጥታ ወጣች አልሽ። እንደወሰነች አድርገሽ ነው ያየሽው። ንግሥት አትወስንም። ንግሥት ያልናት እኛ ነን። አባቶቻችን ደግሞ "አውራ" ነው የሚሏት፣ ወንድ አድርገው፣ እኔም አፌ ላይ የሚቀድመኝ እሱ ነው። አውራም በያት ንግሥት፣ ሥራዋ እንቁላል መጣል ነው። በደህናው ጊዜ በቀን ከሺህ በላይ ትጥላለች። ምን ያህል እንደምትጥል የሚወስኑት የሚያጎርሷት ሠራተኞች ናቸው። ካጎረሷት ትጥላለች፣ ከከለከሏት ታቆማለች።

አሁን ቀፎው ሲሞላና ሲጠባቸው ሠራተኞቹ ከማር እንጀራው ጠርዝ ላይ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ የመሰለ ቤት ይሠራሉ። የአዲሷ ቤት ነው። ሠራተኛ ንብ እንቁላል ሆና እስክትወጣ 21 ቀን ይፈጅባታል፣ ድንጉላ፣ ወንዱ ማለት ነው፣ 24፣ ንግሥት ግን 16 ቀን ብቻ። ስለዚህ ጊዜ የለም። አሮጊቷ ደግሞ እንቁላል የተሸከመች ናት፣ ከባድ ናት፣ መብረር አትችልም። ምን ያደርጋሉ? ምግብ ይቀንሱባታል። እንዳትቀመጥ ይገፏታል፣ ያንቀጠቅጧታል፣ ቀስ እያሉ ይነክሷታል። ከቦታ ቦታ ስትባረር ትከሳለች። ሆዷ ይሰበሰባል። ለመብረር የምትበቃው ከከሳች በኋላ ነው። የሚወጡ ዕለትም ቢሆን መንጋው ይፈላል፣ በሩ ላይ እንደ ውኃ ይፈሳል፣ እሷ በግፊያው መሃል ናት።

ክፋት ነው ብለሽ እንዳትይዢው። ክፋት የሰው ነው። ቀፎው የሚባዛው እንደዚህ ነው። ከአውራዋ ጋር ግማሹ፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ ሠራተኛ በሆዱ ማር ሞልቶ አብሯት ይወጣል። አዲሱን ቤት የሚሠሩላት እነሱ ናቸው። አውራ ብቻዋን አትወጣም፣ ብትወጣም አትኖርም፣ የሚያጎርሷት ሠራተኞቹ ናቸውና።

ደግሞ መውጣት ሌላ ነው፣ ጥሎ መጥፋት ሌላ። ጉንዳን ሲገባ፣ ሲራብ፣ ሲታወክ የኛ አገር ንብ ቀፎውን ባዶ አድርጎ ይሄዳል፣ አውራውም ሠራተኛውም። ለዚህ ነው የቀፎው እግር ሥር አመድ የምንነሰንሰው። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ የእናትሽ አይመስለኝም።

ሸገር በረንዳ፦

ጋሼ እርስዎ ደግሞ ልጅቷን ደስ ብሏት ሳለ ምን ነካዎት?

ቀፎ ሰቃይ፦

ስለ ንብ ተጠየቀ፣ ስለ ንብ መለስኩ።

የፈረንሳይዋ፦

ጋሼ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ነው ያነበብኩት፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

"ትከሳለች" የሚለው ላይ ቆምኩ። እማዬ ከመውጣቷ በፊት ከስታ ነበር። ሁዳዴ ላይ ነበር፣ የጾም ነው አልን። ፋሲካ አለፈ፣ ቀሚሷ አሁንም ይወዛወዛል። ወንድሜ "ዕድሜ ነው" አለ። እኔ "ስኳር ተመርመሪ" አልኳት፣ አልተከታተልኩም።

ከዚያ ሌሎቹ መጡ። ማታ ማታ ሰው ያላሰበውን ነገር እንዴት በተራ በተራ እንደሚመጣበት ታውቃላችሁ። መኝታ ክፍሏ ለልጆቹ ይሁን ሲባል "ሳሎን ይሻለኛል፣ ቴሌቪዥን አለ" አለች። አልጋዋን የገፋሁት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ ወገቡን አሞት ነበር። ወጡን የወንድሜ ሚስት መሥራት ጀመረች፣ ደግ ልጅ ናት፣ እማዬ እንድታርፍ ብላ ነው። እማዬ ኩሽና ገብታ ትቆምና ምንም ሳትይዝ ትወጣ ነበር። ቡፌው ደግሞ፣ አዲሱ ሶፋ ሲገባ ቦታ ጠበበ፣ ወንድሜ "ይሸጥ" አለ፣ እኔ "አሮጌ ነው፣ ማን ይገዛዋል" አልኩ። እሷ እዚያው ተቀምጣ ነበር። ምንም አላለችም። ማንም ክፉ ነገር አልሠራባትም፣ ያ ነው የሚገርመኝ። ሁሉም ለሷ ተብሎ ነበር።

"ግማሹ አብሯት ይወጣል" ብለዋል። ከእማዬ ጋር የወጣው ቡፌው ነው።

ፊደል ቆጣሪ እንዳለኝ ልጠይቃት ወስኛለሁ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።

ሸገር በረንዳ፦

እሺ የጥርስ ሳሙናውን ቀልድ አንስቻለሁ። በርቺ።

ወለላ፦

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ምራት ነኝ፣ ባለቤቴ እናት ጋ ነው የምንኖረው። ዛሬ ሽሮውን እሳቸው ይሥሩት ብዬ ከኩሽና ወጣሁ። ጨው በዝቶበታል። በላነው።

የፈረንሳይዋ፦

ሄጄ መጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ደረስኩ። ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ በሰፌድ ምስር ትለቅማለች። መብራት አለ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ለብቻው ያወራል። አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። መጽሐፉን ከቦርሳዬ አወጣሁና "እማዬ፣ ይሄን አይተሽው ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"የቡፌው ነው" አለች።

"ስለ ምን እንደሆነስ?"

"ስለ ንብ። መጀመሪያ የገባሁ ሰሞን ማታ ማታ አነበው ነበር። ኋላ ቡፌው አስቸገረኝ።"

አንብባዋለች! እኔ እኮ የሚነግራት ሰው የጠፋ መስሎኝ ነበር። አሮጊቷ የምትወጣበትን ምዕራፍ ገልጬ አሳየኋት። መነጽሯን አልያዘችም፣ ግን የትኛው ገጽ እንደሆነ በቡፌው እግር ጉድጓድ አወቀችው። "ንግሥት ይላል እሱ፣ አባቴ አውራው ነበር የሚል" አለች። አባቷ መንዝ ሦስት ቀፎ ነበራቸው፣ ይሄንንም ያን ዕለት ነው የሰማሁት። አውራው ሲወጣ ሴቱም ሕፃኑም አፈር ይዞ ይሮጥ እንደነበረ፣ እሷ አንዴ ሮጣ ወድቃ ጉልበቷ እንደተላጠ፣ ጠባሳውን አሳየችኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ያየሁት ጠባሳ ነው፣ ጠይቄ አላውቅም።

ከዚያ ድፍረቱ መጣልኝ። "እማዬ፣ ከፈረንሳይ ሳትወጪ በፊት ከስተሽ ነበር አይደል?"

ምስሩን ለቀመች። አንድ ጠጠር፣ አንድ ሌላ። ወደ ጎን ወረወረችው። የምትመልስ አልመሰለኝም።

"ሰባት ኪሎ" አለች። "ጤና ጣቢያ መዝነውኝ ነው።"

ሌላ ምንም አልጨመረችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አዝናለሁ ልል ነበር፣ ቃሉ አፌ ውስጥ እንደ ደረቅ ዳቦ ሆነ። ሰፌዱን ከእጇ ወሰድኩና እኔ መልቀም ጀመርኩ። በደንብ አትለቅሚም ብላ መልሳ ወሰደችው። "አሁን እኮ ተመልሷል፣ እንዲያውም አልፌዋለሁ፣ እዚህ ወተቱ ጥሩ ነው" አለች።

ምሳ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ልሄድ ስነሳ ለሌላ ጊዜ የሚሆን ልብስና የጥርስ ብሩሽ ቁም ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጥኩ። አይታኛለች፣ ምንም አላለችም። ወንድሜን በስልክ አናግሬዋለሁ፣ ረጅም ወሬ ነበር፣ እሱ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

መጽሐፉን ይዤ ልወጣ ስል በሩ ላይ ጠራችኝ።

"እሱን መልሺው፣ ቡፌው ያነክሳል።"

"ወመዘክር ወስጄ ሙሉውን ላፈላልግልሽ ነው" አልኳት። "ሌላ ነገር አደርግለታለሁ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አየሁ ደጅ።"

"እንግዲያው ስትሸጉጪ ቀስ በይ" አለች። "የቀሩኝ ስኒዎች አራት ናቸው።"